ነጻ ማደሪያ ስንት ያስከፍላል?

ውድ አንባቢ፣ እስኪ ለአፍታ ያስቡት። አንድ የማያውቁት ወጣት ከሩቅ አገር ጽፎ፣ «ደመወዝ አልጠይቅም። ልጆቻችሁን እንግሊዝኛ አስተምራለሁ፤ እናንተ ደግሞ ማደሪያና የዕለት ምግብ ትሰጡኛላችሁ» ቢልዎት ምን ይመልሱለታል? ነገሩን ገልብጠው ደግሞ ይመልከቱት። ኮሌጅ የጨረሰች ልጅዎ ከእራት በኋላ፣ «ውጭ አገር ሄጄ እንግሊዝኛ ላስተምር ነው፤ ቤቱን በነጻ ይሰጡኛል» ብትልዎት ደስ ይልዎታል ወይስ ይደነግጣሉ?

ብዙዎቻችን «በነጻ» የምትለዋ ቃል ላይ ስንደርስ ማሰብ እናቆማለን። በትምህርት የሚለወጥ ማደሪያ ግን መልካም ነገር ሊሆን ይችላል እንጂ ነጻ አይደለም። የሚያድረውም የሚያሳድረውም የሚከፍሉት ዋጋ አለ። ዋጋው አስቀድሞ በግልጽ ከተነገረ ወዳጅነት ያፈራል። ካልተነገረ ግን ቅሬታ፣ አንዳንዴም ከቅሬታ የከፋ ጉዳት ያመጣል።

ልማዱ ከየት መጣ?

ሠርቶ ማደር አዲስ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1971 በእንግሊዝ አገር፣ የከተማ ሰዎች በገበሬዎች እርሻ ላይ እያገዙ በዚያው እንዲበሉና እንዲያድሩ የሚያደርግ እንቅስቃሴ ተጀመረ። ይህ «ዉፍ» በሚል ስም የሚታወቀው እንቅስቃሴ በኋላ ወደ ብዙ አገሮች ተስፋፋ። ከጊዜ በኋላ ደግሞ እንደ «ወርክአዌይ» ያሉ አገናኞች መጡና ልጅ መጠበቅ፣ ቤት ማደስ፣ ቋንቋ ማስተማርም የልዋጩ አካል ሆኑ። የተለመደው ልክ በቀን አምስት ሰዓት ያህል፣ በሳምንት አምስት ቀን መሥራት ነው። በምላሹ አልጋና ምግብ ይገኛል።

በእኛም አገር በጎ ፈቃደኛ መምህር እንግዳ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1962 ወደ ኢትዮጵያ ከመጡት የመጀመሪያዎቹ የአሜሪካ የሰላም ጓድ አባላት አብዛኞቹ የሁለተኛ ደረጃ መምህራን ነበሩ። ዕድሜ የጠገቡ አንባቢዎቻችን እስከ ዛሬ በስም ያስታውሷቸው ይሆናል። እነዚያ ግን መተዳደሪያቸውን ከድርጅታቸው እየተቀበሉ ቤት ተከራይተው ይኖሩ ነበር። እኛ የምንናገረው ከቤተሰብ ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር ስለ መኖር ነው። ጓዳን መካፈል ከጎረቤትነት ይለያል።

ጆርጂያ የሞከረችው

ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የምትሆነን በጥቁር ባሕርና በካውካሰስ ተራሮች አካባቢ የምትገኘው ትንሿ ጆርጂያ ናት። ይህች አገር እንደ እኛው የራሷ ፊደል አላት፤ ክርስትናንም የተቀበለችው እንደ አክሱም በአራተኛው መቶ ዓመት ነው። እስከ 1991 ድረስ በሶቪየት ኅብረት ሥር ስለ ነበረች፣ ትልልቆቹ ሰዎች በብዛት የሚያውቁት የውጭ ቋንቋ ሩሲያኛ ነበር። መንግሥት ግን አዲሱ ትውልድ እንግሊዝኛ እንዲናገር ፈለገ። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ2010 «ከጆርጂያ ጋር ማስተማርና መማር» የሚል ትርጉም ያለው ፕሮግራም ጀመረ።

አሠራሩ እንዲህ ነበር። እንግሊዝኛ ተናጋሪ በጎ ፈቃደኞች ከውጭ ይመጣሉ። የአውሮፕላን ትኬታቸውን መንግሥት ይከፍላል። በዋና ከተማዋ በትብሊሲ ስለ አገሩ ባህልና ቋንቋ አጭር ሥልጠና ይወስዱና ወደየገጠሩና ወደየከተማው ትምህርት ቤት ይሠማራሉ። የሚኖሩትም በጆርጂያውያን ቤተሰቦች ቤት ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በወር 500 ላሪ መተዳደሪያ ይሰጣቸው ነበር። ይህም ያን ጊዜ 300 የአሜሪካ ዶላር አይሞላም። ከዚህ ላይ 100 ላሪውን ለምግብና ለመብራት እንዲሆን ለሚያሳድራቸው ቤተሰብ ይሰጣሉ።

ውድ አንባቢ፣ ይህችን 100 ላሪ ልብ ይበሏት። ገንዘቧ ብዙ አይደለችም። ነገር ግን የቤቱ እመቤት «ይህ ሰው ስንት በላብኝ?» ብላ በልቧ እንዳትቆጥር፣ እንግዳውም «ሸክም ሆንኩባቸው» ብሎ እንዳይሸማቀቅ ትረዳለች። ልኩ ታውቋልና ሁለቱም ቀና ብለው በአንድ ማዕድ ይቀመጣሉ።

ሌላም ጥበብ ነበረበት። መጤው መምህር በክፍል ውስጥ ብቻውን እንዲቆም አልተደረገም። ከአገሬው የእንግሊዝኛ መምህር ጋር አብሮ ያስተምር ነበር። አንድን ቋንቋ ከእናቱ ጉያ የተማረ ሰው አነጋገሩን ያውቀዋል፤ ሕጉን ማስረዳት ግን ሊከብደው ይችላል። የአገሬው መምህር ደግሞ ልጆቹ የሚሰናከሉበትን ቦታ ያውቃል፤ እንግዳው አገሩ ከተመለሰ በኋላም ከልጆቹ ጋር የሚቀረው እርሱ ነው። እንግዳ መምህር ለጥቂት ወራት መጥቶ የአገሬውን መምህር ወደ ጎን ቢገፋ፣ ሲሄድ ባዶ ወንበር ትቶ ይሄዳል።

ማዕዱ፣ ምድጃውና ጽዋው

ጆርጂያውያን እንግዳ ከእግዚአብሔር ዘንድ የተላከ ነው የሚል አባባል አላቸው። «የእግዚአብሔር እንግዳ ነኝ፤ አሳድሩኝ» ሲባል ደጅ መክፈት ለለመደው ለእኛ ሰው ይህ ሩቅ አይደለም። «ብላ፣ ጠጣ» ማለቱም ያው ነው። እምቢ ማለት አስተናጋጁን ያስከፋል፤ እሺ ማለት ደግሞ ሆድን ያስጨንቃል።

በክረምት ሌላ ፈተና አለ። በብዙ የገጠር ቤቶች የሚሞቀው የእንጨት ምድጃ ያለበት አንዱ ክፍል ብቻ ነው። ቤተሰቡ ሁሉ፣ አያት፣ አባት፣ እናት፣ ልጆች በዚያ ይሰበሰባሉ። መምህሩ ብቻውን መሆን ቢያምረው ምርጫው ወደ በረዶው ክፍል መግባት ነው። ለብቻ መኖርን ለለመደ ሰው ይህ ቀላል አይደለም። ቤተሰቡም በበኩሉ፣ «ከእኛ ጋር መቀመጥ ጠላ እንዴ?» ብሎ ሊያዝን ይችላል። ማንም አላጠፋም፤ ነገር ግን ማንም አልተነጋገረም።

የድግሱም ማዕድ እንዲሁ ነው። «ሱፕራ» በሚባለው ግብዣ ላይ «ታማዳ» የተባለ የማዕድ መሪ ለሰላም፣ ለቤተሰብ፣ ላረፉት ወገኖች እያለ ጽዋ ያስነሣል። ወይኑ ብዙ ጊዜ በቤት የተጠመቀ፣ የቤቱ ኩራት ነው። የማይጠጣ እንግዳ ምን ያድርግ? በመጀመሪያው ቀን በፈገግታና በትሕትና «እኔ አልጠጣም፤ ቃላችሁን ግን እወዳለሁ» ያለ ሰው ይከበራል። በሦስተኛው ወር ላይ በድንገት የሚያኮርፍ ግን ሰውን ግራ ያጋባል።

ባልና ሚስት አስቀድመው ይነጋገሩ

እርስዎና ባለቤትዎ እንዲህ ያለ እንግዳ ለመቀበል ቢያስቡ፣ የሱነማዊቷን ሴት ታሪክ ያስታውሱ (2ኛ ነገሥት 4፥8-10)። ነቢዩ ኤልሳዕን ለማሳደር ስታስብ መጀመሪያ ያደረገችው ከባልዋ ጋር መነጋገር ነው። ቀጥሎም ለብቻው ትንሽ ክፍል በሰገነት ላይ እንዲሠራለትና አልጋ፣ ጠረጴዛ፣ ወንበርና መቅረዝ እንዲገባለት አሰበች። እንግዳው የሚተኛበት፣ የሚሠራበትና ብቻውን የሚሆንበት ቦታ እንደሚያስፈልገው አስተውላለች። እኛም ቢያንስ በሚከተሉት ነገሮች ላይ መስማማት ይገባናል።

1. ፈቃዱ የሁለታችሁም ይሁን። አንደኛው ጓጉቶ፣ ሌላኛው አንገቱን ደፍቶ የተቀበለው እንግዳ በትዳር መካከል ይገባል። ብዙ ጊዜ ተጨማሪው እጥበትና ማጀት የሚወድቀው በሚስት ላይ ነውና ባል ሆይ፣ «እሺ» ከማለትህ በፊት ሥራውን ማን እንደሚሠራው ጠይቅ።

2. የትምህርቱ ሰዓት ይታወቅ። እንበልና መምህሩ በትምህርት ቤት እንዲያስተምር ተስማምቷል። ማታ የቤቱ ልጆች ደብተራቸውን ይዘው ይመጣሉ፤ ቅዳሜ ደግሞ የጎረቤት ልጆች ይጨመራሉ። እንግዳው ስለሚበላው እንጀራ እያሰበ እምቢ ማለት ያፍራል። ሳይታወቅ የአምስት ሰዓቱ ሥራ አሥር ይሆናል። የቤት ልጆችን ማስተማር ካለበት ከመጀመሪያው በሰዓቱ ውስጥ ይቆጠርለት።

3. የሚቆለፍ ክፍል ይኑረው፤ ልጆችም ይጠበቁ። ይህ ሁለቱንም ወገን ከጉዳትና ከሐሜት ይሰውራል። ትምህርቱ ሰው በሚያይበት፣ በሩ በተከፈተ ሳሎን ይሁን። ከመምጣቱ በፊት ቀድሞ ካስተማረበት ቦታ ምስክርነት፣ ከአገሩም ከወንጀል ነጻ መሆኑን የሚያሳይ ማስረጃ ይጠይቁ። ንጹሕ ሰው በዚህ አይቀየምም።

4. ስለ ገንዘብ አትፈሩ። መብራቱን፣ የስልክ ካርዱን፣ የታክሲውን ማን ይከፍላል? ቢታመምስ የሐኪም ወጪው የማን ነው? እነዚህን በአንድ ገጽ ወረቀት ላይ ማስፈር አለመተማመን አይደለም።

5. ስለ እምነት እውነተኛ ሁኑ። እንግዳው የተለየ እምነት ቢኖረው የቤታችሁን ጸሎት ልማድ አስቀድማችሁ ንገሩት እንጂ አታስገድዱት። እንዲሁም በሌላ አገር ለማስተማር የሚሄድ ወንድም ወይም እህት፣ «እንግሊዝኛ ላስተምር» ብሎ በገባበት ክፍል ውስጥ የተቀጠረበትን ሥራ በታማኝነት ይሥራ። ወላጆች ልጆቻቸውን የሰጡት ለሰዋስው ነው። ስለ እምነቱ ሲጠየቅ በግልጽ ይመልስ፤ የትምህርቱን ሰዓት ግን ለሌላ ዓላማ መሸፈኛ አያድርግ።

6. መውጫው ይታወቅ። መቼ እንደሚሄድ፣ ነገሩ ካልተስማማም ስንት ቀን አስቀድሞ እንደሚነገር ይወሰን። ልጆችም ቀኑን ይወቁ። የሚወዱት መምህር አንድ ጠዋት ተነሥቶ ሲጠፋ የሚሰማቸው ሐዘን ቀላል አይደለም።

እንግዳው ከውጭ አገር የሚመጣ ከሆነ ደግሞ በምን ዓይነት ቪዛ መግባት እንዳለበት ከኢሚግሬሽን አገልግሎት አስቀድመው ይጠይቁ።

ልጅዎ የሚሄድ ከሆነ

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄ እንምጣ። ብዙ ወጣቶች፣ «ደመወዝ ስለሌለው ሥራ አይባልም፤ በጉብኝት ቪዛ እገባለሁ» ይላሉ። ይህ አደገኛ ስሕተት ነው። በብዙ አገሮች ሕግ፣ በምግብና በማደሪያ የሚከፈል አገልግሎት እንደ ሥራ ይቆጠራል። ለምሳሌ በታይላንድ በበጎ ፈቃድ የሚያስተምር የውጭ ሰው የሥራ ፈቃድ ያስፈልገዋል። በብሪታንያ ደግሞ በጉብኝት ቪዛ የገባ ሰው በጎ ፈቃድ አገልግሎት መስጠት የሚችለው ለተመዘገበ የበጎ አድራጎት ድርጅት፣ ያውም ከ30 ቀን ላልበለጠ ጊዜ ነው። ይህን ያልጠየቀ ሰው ከአውሮፕላን ማረፊያ ሊመለስ ይችላል።

ከመመለስም የከፋ አለ። በየካቲት 2025 (እ.ኤ.አ.) ከምያንማር የማጭበርበሪያ ካምፖች ወጥተው ወደ ታይላንድ ከተሻገሩት 260 ያህል ሰዎች መካከል ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ኢትዮጵያውያን ነበሩ። እንዲህ ባሉት ካምፖች ከተያዙት ብዙዎቹ ከአገራቸው የወጡት በመልካም የሥራ ተስፋ ተታልለው ነው። ከደረሱ በኋላ ግን ተዘግቶባቸው በኢንተርኔት ሰው እንዲያጭበረብሩ ይገደዱ ነበር። የሚያታልል ሰው የሚያቀርበው ወሬ የአስተማሪነትም ሊሆን ይችላል። ማደሪያውም «በነጻ» ይባላል።

ስለዚህ ልጅዎ ከመነሣቷ በፊት አብረው ይመርምሩ። የትምህርት ቤቱ ስምና አድራሻ ምንድን ነው? ትምህርት ቤቱ ራሱ በስልክ ያረጋግጣል ወይስ የሚናገረው ደላላው ብቻ ነው? በዚያ ከዚህ ቀደም ያስተማረ ሰው ማነጋገር ይቻላል? ቪዛው በምን ስም ተጠየቀ? የመመለሻ ትኬት በእጇ አለ? መንገድ ላይ ሳለች «አገሩ ተለውጧል፤ ወደ ሌላ ከተማ ትሄጃለሽ» ከተባለች እዚያው ትቁም። ፓስፖርቷን የሚያሳድራት ቤተሰብም ሆነ አሠሪ «እኛ እናስቀምጥልሽ» ቢል አትስጥ። ከቤት ጋር በሳምንት የተወሰነ ቀን የምትደዋወልበት ልማድ ይኑር፤ ባልደወለች ጊዜ ምን እንደሚደረግም አስቀድሞ ይወሰን።

ዋጋው ሲታወቅ

ይህን ሁሉ ስንል በራችንን እንድንዘጋ አይደለም። ከቤተሰብ ጋር የኖረ መምህር በሆቴል ያደረ ጎብኚ የማያየውን ያያል። እናት ማልዳ ስትነሣ፣ አባት ስለ ትምህርት ቤት ክፍያ ሲጨነቅ፣ ልጅ በአዲስ ቃል ምላሱ ሲተሳሰር ያያል። ቤተሰቡም እንግሊዝኛ ከመማር አልፎ የሌላ አገር ልጅ ናፍቆቱንና ፍርሃቱን ይዞ በማዕዱ ዙሪያ ሲቀመጥ ያውቀዋል። ይህ በገንዘብ አይገዛም።

ነገር ግን እንግዳው ጊዜውንና ጉልበቱን ይከፍላል፤ ቤተሰቡም ጓዳውንና ጸጥታውን። እንግዲህ የሚመጣ እንግዳ ካለ ወይም የሚሄድ ልጅ ካለ፣ በዚህ ሳምንት ባልና ሚስት አንድ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዛችሁ ተቀመጡ። የምትሰጡትን በአንድ በኩል፣ የምትጠብቁትን በሌላ በኩል ጻፉ። ከዚያም ለሌላው ወገን አሳዩት። በዚያ ወረቀት ላይ ሁለቱም ወገን በደስታ ከተስማሙ፣ ሲገናኙ የሚያፍሩበት ነገር አይኖርም፤ ሲለያዩም ማንም የማንም ባለዕዳ አይሆንም።