እንቁራሪት ሰመራ ላይ ታዋጣለች?

ቲክቶክ ወይም ዩቲዩብ ላይ አይታችሁት ይሆናል። የመስታወት ሳጥን ነው፤ ውስጡ በአረንጓዴ ተክል ተሞልቷል፤ ከላይ ጉም የመሰለ ውሃ ይረጭበታል፤ ቅጠሉ ላይ ደግሞ አውራ ጣት የማታክል እንቁራሪት ቁጭ ብላለች። ቪቫሪየም ይሉታል። ሲያዩት ያምራል፣ "እኔስ ብሠራው?" ያሰኛል። ግን ቤታችሁ አዋሽ ሰባት ኪሎ ወይም ሰመራ ቢሆንስ?

መልሱ አጭር ነው፦ ተክሉ ያዋጣል፣ እንቁራሪቷ አታዋጣም። ለምን? ሒሳቡን አብረን እንሥራው።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1829 ገደማ ናታኒየል ዋርድ የሚባል የለንደን ሐኪም፣ የከተማው የከሰል ጭስ የጓሮ ተክሎቹን ሲያደርቅበት፣ በተከደነ ጠርሙስ ውስጥ ግን ፈርን ሳይጠወልግ ሲያድግ አየ። ምስጢሩ ቀላል ነው። ከአፈሩና ከቅጠሉ የሚተነው ውሃ መስታወቱ ላይ ጤዛ ይሆንና ተመልሶ ወደ አፈሩ ይወርዳል። ያው ውሃ ደጋግሞ ይሠራል ማለት ነው። ውሃ ውድ በሆነበት አካባቢ ይሄ ትልቅ ቁም ነገር ነው።

አሠራሩም ኪስ አይጎዳም። ከታች አራት አምስት ሳንቲ ሜትር ስኮሪያ ታነጥፋላችሁ፤ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ቀላሉ ቀይ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው። ትርፍ ውሃ እዚያ ስለሚወርድ ሥር አይበሰብስም። ላዩ ላይ የአጎበር ቁራጭ ትዘረጋላችሁ፣ አፈሩ ወደ ታች እንዳይንሸራተት። ከዚያ ኬሚካል ያልነካው አፈር፣ ከዚያ እንደ ፖቶስና ፈርን ያሉ ጥላ የሚወዱ ተክሎች። ቦታው ብርሃን የሚያገኝ፣ ግን ቀጥተኛ ፀሐይ የማያርፍበት ይሁን። ፀሐይ ላይ ከተቀመጠ የቆመ መኪና ውስጥ እንደመግባት ነው።

እዚህ ድረስ ሰላም ነው። ችግሩ እንቁራሪቷ ስትገባ ይጀምራል።

በዓለም ገበያ ታዋቂ የሆኑት ዳርት ፍሮግ የሚባሉት ባለ ቀለም እንቁራሪቶች የመጡት ከመካከለኛውና ከደቡብ አሜሪካ ደኖች ነው። ከ22 እስከ 27 ዲግሪ ይስማማቸዋል፤ ከ30 ሲያልፍ አደጋ ነው። ሰመራ በበጋው ሳይሆን በሞቃቱ ወራት ከ40 ዲግሪ በላይ ትገባለች። አዋሽ ሰባት ኪሎ ከፍ ስለሚል ትንሽ ይሻላል እንጂ እሱም ቆላ ነው።

"ታዲያ ብናቀዘቅዘውስ?" ትሉ ይሆናል። ኢኮኖሚክስ የተማረ ሰው "ትሬድ ኦፍ" የሚለው እዚህ ጋ ይመጣል። ሳጥኑን ከዘጋችሁት እርጥበቱ ይቆያል፣ ሙቀቱም አብሮት ይቆያል። ከከፈታችሁት ሙቀቱ ይወጣል፣ እርጥበቱም ተከትሎት ይሄዳል። እንስራ ውሃን እንዴት እንደሚያቀዘቅዝ እናውቃለን፤ ከላዩ የሚተነው ውሃ ሙቀቱን ይዞ ይሄዳል። በወንፊት ክዳንና በትንሽ ቬንትሌተር ሳጥኑንም እንደዚያው ጥቂት ዲግሪ ማውረድ ይቻላል። ግን ቶሎ ቶሎ ውሃ መርጨት አለባችሁ፣ ቬንትሌተሩም መብራት ይፈልጋል። መብራት ከሰዓት በኋላ ሁለት ሰዓት ከጠፋስ? ተክል ይጠወልግና ውሃ ሲያገኝ ይነሣል። እንቁራሪት ግን አትነሣም።

ውሃውም ራሱ ጣጣ አለው። እንቁራሪት ውሃ የምትወስደው በአፏ ሳይሆን በቆዳዋ ነው፤ የምትተነፍሰውም በከፊል በቆዳዋ ነው። ስለዚህ ክሎሪን ያለው የቧንቧ ውሃ ይጎዳታል። የስምጥ ሸለቆ የከርሰ ምድር ውሃ ደግሞ ብዙ ጊዜ ማዕድን ይበዛዋል፤ የረጫችሁት ውሃ ሲደርቅ መስታወቱ ላይ ነጭ ከተወ ምልክቱ እሱ ነው።

ከሁሉ የሚከብደው ግን ከሳጥኑ የሚወጣው ነገር ነው። አኖፌለስ ስቴፈንሲ የምትባለው የወባ ትንኝ አገራችን ውስጥ መጀመሪያ የተገኘችው እ.ኤ.አ. በ2016 ቀብሪ ደሃር ላይ ነው። በኋላ በተደረገ ዳሰሳ ሰመራና አዋሽ ሰባት ኪሎ ላይም ተገኝታለች። ይቺ ትንኝ ረግረግ አትጠብቅም፤ በርሜል፣ ሮቶ፣ ባልዲ ውስጥ ትራባለች፣ ለዚህ ነው ከተማ የሚስማማት። ክዳኑ ክፍት የሆነ ሳጥን ውስጥ ያለች የእንቁራሪት ገንዳም ለእሷ ያው ባልዲ ናት። ሒሳቡን ደግሞ እናንተ ብቻ ሳትሆኑ ጎረቤትም ይከፍላል።

እምቦጭንም አስታውሱ። ዛሬ ስሙ ከጣና ጋር ቢነሣም፣ አገራችን ውስጥ መታየቱ የተመዘገበው መጀመሪያ እ.ኤ.አ. በ1965 በቆቃና በአዋሽ ወንዝ ላይ ነው። በዓለም የተሰራጨው አበባው አምሮ በየገንዳው ስለተተከለ ነው። እንቁራሪትም እንደዚሁ ናት፤ ኪትሪድ የሚባለው የቆዳ ፈንገስ በእንስሳት ንግድ እየተጓዘ በዓለም ዙሪያ 500 ያህል የእንቁራሪትና መሰል ዝርያዎችን አመናምኗል። በእኛም ደጋ ተገኝቷል። የሳጥን ውሃ ወንዝ ውስጥ አይደፋም የሚባለው ለዚህ ነው። ከአካባቢው ይዞ ማስገባትም መፍትሔ አይደለም፤ ሕጉ ያለ ፈቃድ የዱር እንስሳ መያዝን ይከለክላል።

ስለዚህ ምክሬ ይሄ ነው፦ ሳጥኑን ሥሩት፣ ተክሉን ትከሉ፣ ክዳኑን ዝጉት፣ የተጠራቀመ ውሃ አትተዉበት። በሳምንት አንዴ ብታዩት ይበቃዋል። እንቁራሪት ማየት ከፈለጋችሁ ደግሞ ዝናብ ጠብቁ። በደረቅ አገር የሚኖሩ ብዙ እንቁራሪቶችና ጉርጦች ድርቁን አፈር ውስጥ ተቀብረው ያሳልፉና ዝናብ ሲጥል ይወጣሉ። ማታ የስልካችሁን መብራት ይዛችሁ ውጡ። ቪዲዮውም ከቲክቶኩ አያንስም፣ ወጪውም ዜሮ ነው።