ሥጋም ተስፋ አለው

ለቅሶ ቤት ስንገባ «ነፍስ ይማር» እንላለን። ነፍሱን በገነት ያኑርልን፣ ከደጋጎቹ ጎን ያሳርፍልን እያልን ሐዘንተኛውን እናጽናናለን። ሥጋውስ? ከቀብር በኋላ ስለ እሱ የሚናገር ሰው እምብዛም አላጋጠመኝም። በተማረው የከተማ ሰው ዘንድማ ነገሩ ይብሳል፤ ክርስትና ማለት ነፍስ ከሥጋ እስር ቤት አምልጣ ወደ ሰማይ የምትበርበት እምነት ይመስለዋል። ይህ አስተሳሰብ ግን ከሐዋርያት ይልቅ ለፕላቶ የቀረበ ነው።

በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ትምህርት ከአምስቱ አዕማደ ምሥጢር የመጨረሻው ምሥጢረ ትንሣኤ ሙታን ነው። ምሥጢሩ የሚናገረው ነፍስ ስላለመሞቷ ሳይሆን ሙታን ስለመነሣታቸው መሆኑን ልብ ይሏል። እ.ኤ.አ. በ381 ከተደረገው የቁስጥንጥንያ ጉባኤ ጋር ተያይዞ የሚታወቀውና ኦርቶዶክሱም ካቶሊኩም ብዙው ፕሮቴስታንትም የሚቀበለው የሃይማኖት ጸሎትም የሚደመደመው በዚሁ ተስፋ ነው።

ይህን እንድጽፍ ያነሣሣኝ የአንድ የሥራ ባልደረባዬ ጥያቄ ነው። ሰዎች ከሞቱ በኋላ የዓይን ብሌናቸውን እንዲለግሱ የሚያስተባብረው የኢትዮጵያ ዓይን ባንክ እ.ኤ.አ. በ2003 ከተቋቋመ ሃያ ዓመት አልፎታል። ከአንድ ሟች የተገኘ ብሌን በጠባሳ ምክንያት ማየት የተሳነውን ሰው ብርሃን ሊመልስ ይችላል። ባልደረባዬም ይህን ያውቃል። ይሁን እንጂ ቃል የሚገባበትን ቅጽ ለሳምንታት መሳቢያው ውስጥ አቆየው። «ያለ ዓይን ብነሣስ?» አለኝ። እየሳቀ ነበር፤ ጥያቄው ግን የምሩን ነው።

እንዲህ ያለው ጥያቄ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ177 ዛሬ ፈረንሳይ ውስጥ በምትገኘው ሊዮን ክርስቲያኖች በግፍ ሲገደሉ፣ አሳዳጆቻቸው አስከሬናቸውን አቃጥለው አመዱን ሮን ወንዝ ውስጥ በትነውታል። አውሳብዮስ በቤተ ክርስቲያን ታሪኩ ባቆየልን ዘገባ መሠረት ዓላማቸው የትንሣኤን ተስፋ ከሥሩ መንቀል ነበር። ሬሳ ከሌለ የሚነሣ የለም ከሚል ስሌት መሆኑ ነው። የክርስቲያኖች ስሌት ግን ሌላ ነበር፤ ካለመኖር ወደ መኖር ያመጣ አምላክ አመድ አይቸግረውም። አውግስጢኖስም «የእግዚአብሔር ከተማ» በተሰኘው ሥራው 22ኛ መጽሐፍ ውስጥ አውሬ የበላው፣ እሳት የፈጀው፣ አልፎ ተርፎም በረሃብ ዘመን ሌላ ሰው የበላው ሰው እንዴት ይነሣል የሚለውን ሳይሰለች ይመረምራል። (ስለተቆረጠ ፀጉርና ጥፍር ዕጣ ሳይቀር መጨነቁ ዛሬ ፈገግ ያሰኛል።)

እኔን የበለጠ የሚያረካኝ ግን የጳውሎስ መልስ ነው። በአንደኛ ቆሮንቶስ 15ኛ ምዕራፍ ላይ ሐዋርያው የሚነሣውን አካል ከተዘራ ዘር ጋር ያመሳስለዋል። ገበሬ የስንዴ ቅንጣት ቀብሮ የሚጠብቀው ያችኑ ቅንጣት አይደለም፤ የበቀለው ግን የእርሷው ነው። እዚያው ላይ የሚገኘው «መንፈሳዊ አካል» የሚለው አነጋገር ብዙዎችን ያሳስታል፤ እንደ ጭስ የማይጨበጥ ነገር ይመስላቸዋል። የግሪኩ ቃል የሚያመለክተው አካሉ ከምን እንደተሠራ ሳይሆን በምን ኃይል እንደሚኖር ነው። የውኃ ወፍጮ ስንል በውኃ የሚዞር ማለታችን እንጂ ከውኃ የተሠራ ማለታችን አይደለምና።

በወንጌል የምናየውም ይህንኑ ነው። አልዓዛር ከመቃብር የወጣው ወደ ቀድሞ ኑሮው ነበር፤ ሟችነቱ አልተለወጠም። የክርስቶስ ትንሣኤ ግን ከዚህ የተለየ ነው። ዓሣ በልቷል፣ በተዘጋ ደጅ ገብቷል፣ የሚወዱት ሰዎች እንኳ መጀመሪያ አላወቁትም። ቁስሉ ግን አልጠፋም። በፋሲካ ማግስት ባለው ማክሰኞ የምናስበው ቶማስ ያወቀው በዚሁ ቁስል ነው። አካሉ ያው ነው፤ ግን ተለውጧል።

ሳይንሱን ካነሣን ደግሞ ቀይ የደም ሕዋስ ዕድሜው 120 ቀን ያህል ነው። ሰውነታችን ያረጀውን እየጣለ አዲስ ይተካል፤ እኛ ግን የዛሬ ሠላሳ ዓመት የነበርነው ሰው ነን እንላለን፣ የያኔውን ዕዳም እንከፍላለን። ይህ ትንሣኤን አያረጋግጥም። ሆኖም ማንነታችን እያንዳንዷን ቅንጣት በማስቀመጥ ላይ እንዳልቆመ ያሳያል። በመሆኑም የዓይን ብሌኑን መለገስ የማይፈልግ ሰው መብቱ ነው፤ ትንሣኤን ምክንያት ማድረጉ ግን አያስኬደውም። በአውሬ የተበሉት ሰማዕታት ሙሉ ሆነው እንደሚነሡ የሚያምን ሰው ለአንድ ብሌን ሊሰጋ አይገባም።

ከዚህ ይልቅ እኔን የሚከብደኝ የአካል ጉዳተኞች ጥያቄ ነው። አብሮኝ የኖረው ጉዳት የማንነቴ አካል ከሆነ ስነሣ ይጠፋል ወይ? አሜሪካዊቷ የነገረ መለኮት ምሁር ናንሲ አይስላንድ እ.ኤ.አ. በ1994 ባሳተመችው መጽሐፍ የተነሣውን ክርስቶስ ቁስል የተመለከተችው ከዚህ አንጻር ነው፤ ጉዳት የደረሰበት አካል የእግዚአብሔር አካል ሊሆን ችሏል ትላለች። እስከ መጨረሻው አልከተላትም፤ ሕመምና ስቃይ እንዲቀሩ የሚመኝ የለም። ሆኖም የሚስማር ምልክቶቹ ለምን እንዳልተደመሰሱ ከእርሷ በፊት እንዲህ አድርጎ ያስጠየቀኝ ሰው አልነበረም።