የወለቃ ሸክላና አንበሳው

ናይሮቢ የማሳይ ገበያ ወጣ ብላችሁ ከሆነ ከኪሲ ድንጋይ የተቀረጹ ዝሆኖችና ጉማሬዎች አይታችኋል። ሠሪው የሚቀርጸው ገዢው የሚወደውን ነው። እኛም አገር፣ ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው በወለቃ መንደር፣ ተመሳሳይ ነገር ነበር። (ዓመቶቹ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

በወለቃ ይኖሩ የነበሩት ቤተ እስራኤላውያን ናቸው። ፈላሻ የሚለውን ስም አይወዱትም። ርስት ስላልነበራቸው ወንዶቹ በቀጥቃጭነትና በሽመና፣ ሴቶቹ በሸክላ ሥራ ይተዳደሩ ነበር። ሴቶቹ አፈሩን ከተፈጨ ገል ጋር ያቦካሉ፤ ያለ መሽከርከሪያ በእጃቸው ብቻ ያበጁታል፤ በለስላሳ ድንጋይ አሽተው ያወዙታል፤ ከዚያ ሜዳ ላይ በኩበትና በእንጨት ይተኩሱታል። ጀበናው፣ ድስቱ፣ እንስራው የሚመጣው ከነሱ ነው።

ዕቃውን የሚገዛው ጎረቤት ግን «ቡዳ» ይላቸዋል። ሌሊት ጅብ ይሆናሉ፣ ሰው ይበላሉ ይባላል። በሠሩት ድስት ወጥ እየሠሩ እንዲህ ማለት ምን ይባላል? እኔም ልጅ ሆኜ ይሄንን አምኜ ነበር።

በ20ኛው ክፍለ ዘመን የውጭ ጎብኚ ሲበዛ ሴቶቹ ትንንሽ ምስሎችን መሥራት ጀመሩ፦ ወፍ፣ ንጉሥ ሰሎሞንና ንግሥተ ሳባ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ አንበሳ። አንበሳው የይሁዳ አንበሳ ነው፤ እስከ 1974 የዘውዱ ምልክት ነበር። ባለ ስድስት ጫፉ የዳዊት ኮከብም ታከለ፤ እሱ ግን ከእናት ከአያት የወረሱት ሳይሆን ለእንግዳ ተብሎ የመጣ ነው። ጎረቤት የሰጣቸው አውሬ ጅብ፣ ለእንግዳ የሸጡት አውሬ አንበሳ!

ታዲያ ለገበያ የተሠራ ምልክት የውሸት ነው? አይመስለኝም። አሜሪካ ቨርጂኒያ ውስጥ ለሚኖሩት ነባር ሕዝቦች፣ ለፓመንኪዎች፣ መንግሥት በ1932 የሸክላ ትምህርት ቤት ከፍቶላቸው ነበር። ድሮ ቀለም የማይቀባው ሸክላቸው ያን ጊዜ ሥዕል ተሣለበት፣ ለመንገደኛም ተሸጠ። ሴቶቹ ግን በዚያው ሥዕል የራሳቸውን ታሪክ ተረኩበት።

ብዙ ቤተ እስራኤላውያን በሱዳን አድርገው ወጡ። እንደኛው በመጠለያ ጣቢያ ኖረዋል፤ ብዙዎችም እዚያና መንገድ ላይ ሞተዋል። ከ1984 መጨረሻ እስከ 1985 መጀመሪያ በአውሮፕላን ወደ እስራኤል ተወሰዱ፤ በግንቦት 1991 ደግሞ ከአዲስ አበባ ከ14,000 በላይ ሰው በአንድ ቀን ተኩል ውስጥ ሄደ። መንደሯ ያለ ሸክላ ሠሪዎቿ ቀረች። ሥራው ግን አልቆመም። ከነሱ በኋላ መንገድ ዳር ተቀምጠው አንበሳውንና የዳዊትን ኮከብ ሲሠሩና ሲሸጡ የቆዩት ክርስቲያን ጎረቤቶቻቸው ናቸው።