አንጮቴን ከክትፎ፣ ከዓይብና ከጎመን ጋር ደርቦ ማዘጋጀት

በሲሬና በሌሎች የወለጋ አካባቢዎች የመስቀል በዓል ሲደርስ አንጮቴ ከማዕድ አይጠፋም። በካልሲየም የበለጸገውን ይህን ሥራ ሥር ለአራስና አጥንቱ ለተሰበረ ሰው ማቅረብ የቆየ ልማድ ነው።

ከሥጋ ጋር ለመደረብ አንጮቴው በቅድሚያ ከነልጣጩ ይቀቀላል፤ ከዚያም ተልጦና ደቆ በንጥር ቅቤ ይታሻል። ከሥር አንጮቴው፣ ከመካከል በሚጥሚጣና በኮረሪማ የተዘጋጀው ክትፎ፣ ከላይ ዓይብና የበሰለ ጎመን ይደረደራሉ።

ዋናው ጥንቃቄ ለሥጋው ነው። ለብለብ ክትፎ ቢወደድም፣ በከብት ሥጋ ውስጥ የሚደበቀው የኮሶ ትል እጭ በለብታ ብቻ አይሞትም። ስለሆነም የተከተፈው ሥጋ ውስጡ 71 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እስኪደርስ ሊበስል ይገባል። በቅቤ የራሰው አንጮቴና ለስላሳው ዓይብ አብረውት ስለሚበሉ፣ የበሰለው ሥጋ ለተመጋቢው አይደርቅበትም።