ትራክተሩ አልነሳ ሲል መጀመሪያ ልጆቹን ያርቁ

በአርሲና በባሌ የስንዴ ማሳዎች በዘር ወቅት ትራክተር አልነሳ ካለ፣ ቤተሰቡ ሁሉ ይከበዋል። ወላጆች ሆይ፣ በቅድሚያ ልጆቹን ያርቁ። ከዚያ ማርሹን ፎሌ ላይ አድርገው፣ ፍሪሲዮኑን ረግጠው ይሞክሩ፤ ብዙ ትራክተር ያለዚህ አይነሳም። ናፍጣ መኖሩን፣ የባትሪው ገመድ አለመላላቱንና ነጭ ዝገት አለመያዙን ይመልከቱ። ባትሪ አጠገብ ክብሪት አይጫር፤ ጋዙ ይፈነዳል። አሲዱ ዓይን ውስጥ ከገባ፣ ወዲያው በብዙ ንጹሕ ውኃ ቢያንስ ለ20 ደቂቃ አጥበው ጤና ጣቢያ ያድርሱ።

ከሁሉ የከፋው መሬት ላይ ቆሞ ሞተሪኖውን በካቻቢቴ ማገናኘት ነው። ማርሽ ገብቶ ከነበረ፣ ትራክተሩ እንደተነሳ ይሄዳል፤ የኋላ ጎማውም የቆመውን ሰው ይደፈጥጣል። መካኒክ እስኪመጣ ይጠብቁ፤ ዘሩ ነገም ይዘራል።