የርዕደ መሬት ጀማሪ ኮርስ፣ ከሸዋ በር ሲታይ

በ2017 ዓ.ም. በፈንታሌ ተራራ ዙሪያ ምድር ለወራት ስትንቀጠቀጥ አዲስ አበባ ድረስ ፎቆች ተወዛወዙ። በአፋርና በኦሮሚያ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ቀዬውን ለቀቀ። ያኔ በየሰዉ አፍ የነበረው ጥያቄ «ትልቁ መቼ ይመጣል?» የሚል ነበር። ስለ ርዕደ መሬት የመጀመሪያውን የኮሌጅ ኮርስ የሚወስድ ተማሪ ቶሎ የሚማረው ግን ቀንና ሰዓት ቆርጦ የሚናገር ሳይንስ እንደሌለ ነው። የት፣ ለምንና በምን ያህል ኃይል ለሚሉት ግን ኮርሱ መልስ አለው።

ከሐረር ግንብ በሮች አንዱ ከሆነው ከሸዋ በር ተነስቶ ወደ ድሬዳዋ የሚሄድ መንገደኛ የደንገጎን ጠመዝማዛ ቁልቁለት ያውቀዋል። ያ ገደል የተፈጠረው ምድር ተሰንጥቃ የአፋር ወገን ወደ ታች ስለሰመጠ ነው። ሐረር «ሶማሊያ» በሚባለው የምድር ቅርፊት ክፋይ ላይ ስትቀመጥ አዲስ አበባ «ኑቢያ» በሚባለው በሌላው ክፋይ ላይ ናት። ሁለቱ በዓመት 5 ሚሊ ሜትር ያህል ይራራቃሉ። መራራቁ ያጠራቀመው ጫና ድንገት ሲለቀቅ ምድር ትንቀጠቀጣለች።

ከኮርሱ ሁሉ የምወደው የርቀት ስሌቱን ነው። ምድር ስትሰነጠቅ ሁለት ሞገዶች እኩል ይነሳሉ፤ ፈጣኑ ፒ፣ ዘግይቶ የሚደርሰውና አብዝቶ የሚያናውጠው ኤስ። በመካከላቸው ያለው ሰከንድ በ8 ሲባዛ ርቀቱን በኪሎ ሜትር በግምት ይሰጣል። ፈንታሌ ከሐረር በቀጥታ 240 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚርቅ፣ ሸዋ በር ላይ የተተከለ መለኪያ ቢኖር በሁለቱ ሞገዶች መካከል 30 ሰከንድ ገደማ ይቆጥር ነበር። ተማሪው የሦስት ጣቢያዎችን ርቀት ይዞ ካርታ ላይ ሦስት ክቦች ይስላል፤ የሚገናኙበት ቦታ የነውጡ መነሻ ነው። በነውጥ መጠን መለኪያው አንድ ቁጥር መጨመር ማለት ደግሞ 32 እጥፍ ያህል ጉልበት መጨመር ነው። 5 እና 6 ጎረቤት ቁጥሮች ይምሰሉ እንጂ ልዩነታቸው ብዙ ነው።

በአገራችን ይህን ዕውቀት ያደራጁት ካናዳዊው ኢየሱሳዊ ካህን ፒየር ጉዋን ናቸው። በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. የአዲስ አበባውን የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ መሠረቱ፤ በ1979 እ.ኤ.አ. ደግሞ የኢትዮጵያንና የአፍሪካ ቀንድን የርዕደ መሬት ታሪክ በመጽሐፍ አሳተሙ። በ1953 ዓ.ም. ማጀቴን ያፈራረሰው የካራቆሬ ነውጥ ጉዋን በዘመናቸው ካጠኗቸው አንዱ ነው። ዛሬ ክትትሉ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ቀጥሏል።

ኮርሱ ሲገባደድ ወደ ግንባታ ይመጣል፤ ለሐረር የሚበጀውም ይኸው ክፍል ይመስለኛል። ሰውን በአብዛኛው የሚገድለው የሚወድቀው ግድግዳ ነው። ከሸዋ በር ወደ ጀጎል፣ ማለትም በግንብ ወደታጠረው የሐረር አሮጌ ከተማ፣ የገባ ሰው በድንጋይና በጭቃ በተሠሩ ግድግዳዎች መካከል በጠባብ መተላለፊያ ያልፋል። ዝናብ ጭቃውን አጥቦ የወሰደበት ድንጋይ በጎን ለሚመጣ ግፊት ደካማ ነው። «ወደ ውጭ ሩጡ» የሚለው ምክርም እዚህ አያዋጣም፤ በሁለት ግድግዳ መሃል ያለ መንገድ ሜዳ አይደለም።

ስለዚህ በጀጎል ቤት ያላችሁ፣ ክረምት ሳይገባ ጭቃው የታጠበበትን ግድግዳ አስጠግኑ። በዙሪያው ባሉ ኮሌጆች የምትማሩም ኮርሱ በምርጫ ከቀረበላችሁ ውሰዱት፤ የተማራችሁትንም ለግንበኞቹ ንገሯቸው።