ጉንፋን በላብ ይወጣልን?

የተቋማችን ዓመታዊ የ5 ኪሎ ሜትር የጎዳና ሩጫ በተቃረበ ቁጥር ከሩጫው ቀድሞ የሚደርስ አንድ እንግዳ አለ፤ እርሱም ጉንፋን ነው። በአንድ መኝታ ክፍል ስምንት ሆነን ስለምናድር አንዱ ካስነጠሰ ሌሎቻችን ተራ እንጠብቃለን። ዘንድሮም ውድድሩ ዘጠኝ ቀን ሲቀረው ከክፍላችን ሯጮች ሁለቱን ያዛቸው። በዚያው ምሽት ክርክር ተነሣ። «ቢሮጥ በላብ ይወጣለታል» ያሉ ነበሩ፤ «የለም፣ ይተኛ» ያሉም ነበሩ። ነገሩ የጨዋታ ብቻ አይደለም። ነገ ተመርቀን ወደየትምህርት ቤቱ ስንበተን በስፖርት ክፍለ ጊዜ ፊታችን ቆሞ የሚያስል ልጅ አይጠፋም። ሩጥ እንበለው ወይስ ተቀመጥ? ስለዚህ ያነበብነውንና በዓይናችን ያየነውን ለአንባብያን ለማካፈል ወደድን።

በመጀመሪያ ስለ ላቡ። ጉንፋን የሚመጣው በቫይረስ ነው። ቫይረሱ የሚራባው በአፍንጫና በጉሮሮ ስስ ሽፋን ውስጥ ስለሆነ ከቆዳ በሚወጣ ላብ ተጠርጎ የሚሄድበት መንገድ የለውም። ላብ ሰውነት የሚቀዘቅዝበት ዘዴ ነው እንጂ የበሽታ መውጫ በር አይደለም። ጉንፋኑን የሚያሸንፈው ሰውነታችን ራሱ ነው፤ ለዚህም ባብዛኛው ከሰባት እስከ ዐሥር ቀን ይበቃዋል። (ዝንጅብሉን ግን ማንም አይንቅብን፤ ትኩስ ነገር ጉሮሮ ያለሰልሳል፣ ፈሳሽም ያስጠጣል።)

ዋናው ጥያቄ ሕመሙ የት ተቀምጧል የሚለው ነው። የስፖርት ሐኪሞች አንገትን እንደ ድንበር ይጠቀሙበታል። ንፍጥ፣ ማስነጠስ፣ ቀላል የጉሮሮ መከርከር ብቻ ከሆነ ቀስ ያለ ሩጫ አብዛኛውን ጊዜ አይጎዳም። ከደረት የሚወጣ ሳል፣ የትንፋሽ ማጠር፣ ቁርጥማት ወይም የሆድ መታወክ ካለ ግን ይታረፋል። ትኩሳት ካለማ ድንበሩም አያስፈልግም፤ ጨርሶ አይሮጥም። ለምን ቢባል፣ የሰውነት ሙቀት በአንድ ዲግሪ ሲጨምር ልብ በደቂቃ ዐሥር ያህል ተጨማሪ ጊዜ ይመታል። ሩጫ ደግሞ በራሱ ሙቀት ያመነጫል። በትኩሳት ላይ ሲጨመር ልብ ሁለት ሸክም ተሸከመ ማለት ነው። ከዚህም ሌላ አንዳንድ ቫይረሶች፣ አልፎ አልፎ ቢሆንም፣ የልብን ጡንቻ ያስቆጣሉ፤ በዚያን ጊዜ መሮጥ ሕይወት እስከማሳጣት ይደርሳል።

እዚህ ላይ ስለ ፓራሲታሞል ሳንናገር አናልፍም። ባለፈው ዓመት ከመካከላችን አንዱ በማለዳ ሁለት ፍሬ ውጦ «ለቆኛል» ብሎ ተሰለፈ። ኪኒኑ ትኩሳቱን ዝቅ አደረገው እንጂ በሽታውን አላነሣለትም። ከሦስተኛው ኪሎ ሜትር በኋላ፣ ከገበያው ዳገት ሥር፣ ፊቱ ዐመድ መስሎ ድንጋይ ላይ ቁጭ አለ። እኛም ከደሙ ንጹሕ አይደለንም፤ «አይዞህ፣ ወኔ ይኑርህ» እያልን የገፋነው እኛው ነበርን። ትኩሳት ለቀቀ የሚባለው ያለ መድኃኒት ሲለቅ ነው።

ሙቀት መለኪያ የሌለው ሰው ጠዋት ከአልጋው ሳይነሣ የእጁን አንጓ ይዞ የደም ሥሩን ምት በ15 ሴኮንድ ቆጥሮ በ4 ያባዛ። ጤነኛ ሳለ 60 የነበረው 76 ቢሆንበት ሰውነቱ ገና እየታገለ ይሆናልና ይታገሥ። ይህ የሚጠቅመው ግን በደህና ቀኑም ቆጥሮ ያስቀመጠውን ነው፤ እኛ ያወቅነው ዘግይተን ነው።

«አበበ ቢቂላ ኦፕራሲዮን ተደርጎ አይደል እንዴ ቶኪዮ ላይ ያሸነፈው?» ያለን ጓደኛም ነበረ። እውነቱን ነው። ሻምበል አበበ በ1964 (እ.ኤ.አ.) ከውድድሩ ጥቂት ሳምንታት ቀደም ብለው የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና አድርገው ነበር፤ ማራቶኑንም በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሴኮንድ አሸነፉ። ነገር ግን ቁስል ሌላ፣ ትኩሳት ሌላ፤ ቁስሉም የሚሽርበት ሳምንታት አግኝቷል። ደግሞስ እኚሁ ጀግና በ1968 ሜክሲኮ ላይ እግራቸውን ሲያማቸው ግማሹን ሳይደርሱ አቋርጠው የለም እንዴ? የዚያን ቀን ወርቁን ያመጡት ማሞ ወልዴ ናቸው። ይህን ስንነግረው ጓደኛችን ዝም አለ።

ከዳነ በኋላ ደግሞ ብዙ ሰው የሚሳሳተው የተኛበትን ቀን በአንድ ጊዜ አካክሳለሁ ሲል ነው። በአንድ ሳምንት ዕረፍት የሯጭ ጉልበት አይጠፋም። ቶሎ የሚቀንሰው የደም ፈሳሽ ክፍል ስለሆነ በመጀመሪያዎቹ ቀናት በድሮው ፍጥነት ስንሮጥ ልብ ይፈጥናል፣ ዳገቱም የረዘመ ይመስለናል። ስለዚህ አንድ ቀን እርምጃ፣ በማግሥቱ እያወሩ የሚሮጡት 15 ወይም 20 ደቂቃ፣ ከዚያ ቀስ እያሉ መጨመር ነው። በውድድሩም ቀን ከኋላ ተሰልፎ የመጀመሪያውን ኪሎ ሜትር ሆን ብሎ ማዝገም ይበጃል።

ከሁለቱ ጓደኞቻችን አንዱ ንፍጥ ብቻ ስለነበረበት እንዲሁ አደረገ። ከልምምዱ አንድ ደቂቃ ተኩል ዘግይቶ፣ ግን እየሳቀ ገባ። ሁለተኛውን ትኩሳት የለቀቀው ውድድሩ ሁለት ቀን ሲቀረው ነበር፤ ሳሉም ከደረቱ አልወጣም። ለቡድን ነጥብ የሚያስፈልጉን ፈጣን ሯጫችን እርሱ ስለነበረ ብንለምነው ደስ ባለን፤ ባለፈው ዓመት ያየነው ግን አፋችንን ያዘው። ክፍላችን ሦስተኛ ወጣ። እርሱ ቢሮጥ ሁለተኛ እንሆን ነበር የሚሉ ዛሬም አሉ። እርሱ ያን ጠዋት የሁላችንን ሹራብ ታቅፎ፣ ከዳገቱ ሥር፣ ያችው ድንጋይ አጠገብ ቆሞ በየተራ በስማችን ይጠራን ነበር።